የጋሽ አቦምሳ ድምፅ

«አንድ ቃል ሳይሰጡኝ ከዚህ ደጃፍ አልነቃነቅም።»

ይህን ያለው እንግዳው ነበር። ፋዲላ ከዚያ ዕለት ንግግር አጥርታ የምታስታውሰው ይህቺኑ ብቻ ነው። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ኩፍኝ ይዟት ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዝናቡ ሲያይል ወሬው ይጠፋል፣ ሲያባራ ብቅ ይላል። እንግዳው ብዙ አወራ።  ከብዙ ቆይታ በኋላ አያቷ አንድ ነገር ሊናገሩ ሲታገሉ ሰማቻቸው፤ «ተ… ተ…» አሉ። ቀሪውን ዝናቡ ወሰደው።

እንግዳው «እሺ» አለ።

ቀጥሎ የሰማችው ድምፅ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየላትም። ሲነጋ ለእናቷ ብትነግራት፣ «ትኩሳቱ ነው ልጄ፣ ማንም አልመጣም» አለቻት። ፋዲላም አደገችና ነገሩን ረሳችው። ማለት፣ የረሳችው መሰላት።

አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል። ኮሜዲያን ሁንዴ ከሞተ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። በነዚህ ዘጠኝ ቀናት አዳማ ውስጥ የሁንዴ ድምፅ ያልገባበት ቦታ የለም፤ በሚኒባሱ፣ በጁስ ቤቱ፣ በፀጉር ቤቱ፣ በየተማሪው ስልክ። በቁሙ ስልክ ደውሎለት የማያውቅ ሁሉ ፎቶውን ለጥፎ «ወንድሜ» ይለዋል። ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያስታውሰው ሲያመልጠው ነው።

ከሁንዴ ሥራዎች ሁሉ ሕዝቡ የሚወደው አንዱን ነው፤ ጋሽ አቦምሳን። ጋሽ አቦምሳ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ኮፍያው ተንጋዷል፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ምላሱ ይያዛል። «አቦምሳ» ብሎ ተጣርቶ እስኪጨርስ መኪናው አቦምሳ ደርሶ ይመለሳል። ቀልዱ ይኸው ነበር። አገር ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር በቴሌቪዥን እያየ ሆዱን ይዞ የሚስቀው በዚህ ነበር። ሁንዴ ግን ከአሥር ዓመት በፊት በድንገት ጋሽ አቦምሳን ተወው። ሰው መድረክ ላይ «ጋሽ አቦምሳን! ጋሽ አቦምሳን!» እያለ ቢጮህበት ፈገግ ብሎ ማይኩን ያስቀምጣል። ለምን እንደተወው የሚያውቅ የለም። ቀስ በቀስ የሚጠራውም ጠፋ።

«በናትሽ አንዴ ብቻ! አንዴ!»

የእረፍት ሰዓት ነው። ከኒሙ ዛፍ ሥር ፋዲላን ከበዋታል። የስፖርት መምህሩን ፊሽካ ተውሳ አንገቷ ላይ አጥልቃለች፤ የአንዱን ልጅ ኮፍያ በሻርፗ ላይ አንጋዳ ደፍታለች። አገጯን ወደፊት ገፋች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«አ… አ… አ…»

«ኧረ መኪናው ሄደ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አ… አ… አቦምሳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የ… የቀረው!»

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ቦንቱ እንባዋን እየጠረገች መጥታ አቀፈቻት። ቦንቱ የሚኒ ሚዲያው ሰብሳቢ ናት፤ በየእረፍቱ በድምፅ ማጉያው ለትምህርት ቤቱ ዜናና ሙዚቃ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ከፋዲላ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

«ጀለስ፣ አንቺ እኮ ራሱን ነሽ! እንዲያውም ትበልጪዋለሽ። ዩቲዩብ ላይ ‹አቦ… አቦ…› ነው የሚለው፤ አንቺ ግን ገና ‹አ› ላይ ነው የምትያዢው። የምር የሚንተባተብ ሰው ነው የምትመስይው።»

«አታካብጂ» አለች ፋዲላ፤ ደስ ግን ብሏታል። ከዚያ በፊት ማንም ለምንም ነገር ከቧት አያውቅም።

መምህርት አረጋሽ ከቢሮ ብቅ አሉ። የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ ሚኒ ሚዲያውን የሚቆጣጠሩትም እሳቸው ናቸው። ሁንዴ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረው እዚሁ ግቢ ስለሆነ በመጪው ሐሙስ የመታሰቢያ ዝግጅት ይደረጋል፤ ባለቤቱ ወይዘሮ ውዴም ይገኛሉ።

«ጋሽ አቦምሳን አንቺ ትሠሪልናለሽ» አሏት። «ለመሆኑ የት ተማርሽው?»

«ከዩቲዩብ፣ ቲቸር።»

ከዩቲዩብ አልነበረም። ይህን ፋዲላ ታውቃለች። ማወቋን ደግሞ ላለማወቅ የምታደርገውን ትግል ማንም አላየም።

አያቷ መሐመድዘይን፣ ሰፈርተኛው «ጋሽ ዘይኑ» የሚላቸው፣ ሃያ ስድስት ዓመት በመናኸሪያ የአቦምሳ መስመር ተራ አስከባሪ ነበሩ። ምላሳቸው ይያዛል። በተለይ «ሀ»ና «አ» የመሰሉ ፊደሎች ሲመጡ ጉሮሯቸው ይዘጋል፣ አገጫቸው ወደፊት ይገፋል፣ ዓይናቸው ይጨፈናል። መናኸሪያውን ከተዉ በኋላ የጣውላ መጋዘን ዘበኛ ሆኑ፤ ዘበኛ ብዙ መናገር የለበትም። አሁን እሱንም ትተው ቤት ነው የሚውሉት። ሱቅ ሲሄዱ የሚፈልጉትን በጣታቸው ያመለክታሉ። ፋዲላ ካለች ደግሞ ምላሳቸው እሷ ናት። «አ… አ…» ሲሉ «አንድ ሳሙና» ትላለች። «እ… እ…» ሲሉ «እርሳስ ነው የሚፈልጉት፣ ጽፈው ሊነግሩህ» ብላ ቀልዳ ባለሱቁን ታስቀዋለች፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ከአፋቸው ቃሉ ሳይወጣ ትጨርስላቸዋለች። ለዚህ ነው የትንፋሻቸውን መውጫና መግቢያ ሳይቀር የምታውቀው።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ምላሳቸው የማይያዘው፤ ሲሰግዱ። ያኔ ቃሉ እንደ አዋሽ ውኃ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይደናቀፍ ይወርዳል። ፋዲላ ትንሽ ሳለች ከበር ቆማ ታዳምጣቸው ነበር።

ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። የሚኒ ሚዲያው አንዱ ድምፅ ማጉያ፣ ያ ቀንድ የሚመስለው፣ አጥሩ ዳር ካለው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ አፉን ወደነሱ ግቢ አዙሯል። እናቷ ሑስና ሁሌ ታማርራለች። አያቷ ግን በየቀኑ በእረፍት ሰዓት ከፓፓያው ሥር ወንበራቸውን አድርገው ያዳምጣሉ። የትምህርት ቤቱን ዜና ከተማሪው ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ያን ዕለት ፋዲላ ቤት ስትገባ እናቷ ልብስ እያሰጣች ታወራለች። «አባ፣ እስከ መቼ ነው? ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሣልስቱ አለፈ። አዳማ ሙሉ ለቅሶ ደረሰ። እርስዎ ግን አብራችሁ በአንድ ሣህን የበላችሁ ሰው… ትናንት ጎረቤታችን ዘርፉ መንገድ ላይ አግኝታኝ ‹አባትሽ ምነው ቀሩ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

አያቷ ቀና ብለው ፋዲላን አዩዋት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

«ከሁንዴ ጋር ይተዋወቁ ነበር እንዴ?» አለች ፋዲላ እናቷን ቀስ ብላ።

«መተዋወቅ! በአቦምሳ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሲሠራ የሚያበላው ማን ነበርና? ተይው፣ ልጄ። ያረጀ ነገር ነው።»

ያረጀ ነገር። ፋዲላን ያን ቀን ምግብ አልበላ አላት።

ሰኞ ዕለት ፋዲላ ከቦንቱ ጋር ሆና ጋሽ አቦምሳን በማይኩ ሞከረችው። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ከአያቷ ጋር የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊገዙ ወጡ። ሲመለሱ ባጃጅ ያዙ። ሾፌሩ ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነው፤ ስልኩን ከመሪው አጠገብ ሰክቶ የሁንዴን ቀልድ ከፍቷል።

«አቦ… አቦ… አቦምሳ!» አለ ስልኩ።

«ነፍሱን ይማረው፣ አገር ያሳቀ ሰው!» አለ ሾፌሩ፤ ራሱም አንገቱን እየሰበቀ ደገመው። «አባባ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ የምር የነበረ ነው አሉ፤ እዚሁ መናኸሪያ። ሞቷል መሰለኝ። ያውቁት ነበር?»

አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ ይሁን አይ፣ አይለይም።

መውረጃቸው ደረሰ። «ወራጅ አለ» ማለት የፋዲላ ሥራ ነው። አያቷ ጠበቋት። አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ደረቀ። አሁን ብትናገር ሾፌሩ ዞር ብሎ የሚያያቸው፣ አይቶም የሚያውቃቸው መሰላት። አያቷም አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ባጃጁ መውረጃቸውን አለፈ፣ የወፍጮ ቤቱን አለፈ፣ ድልድዩን አለፈ። በመጨረሻ አያቷ ብረቱን በጣታቸው ቆረቆሩት።

«እንዴ አባባ፣ ቀድመው አይናገሩም!» አለ ሾፌሩ እየሳቀ።

መንገዱን በእግራቸው ተመለሱ። ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቋትም። ድልድዩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ደከማቸውና ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ከሥሩ ውኃ የለም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስና አቧራ ብቻ።

«ትናንት ሰ… ሰማሁሽ» አሉ።

ፋዲላ ፊቷን ወደ ድልድዩ ሥር መለሰች።

«በማጉያው። መጀመሪያ ሁ… ሁ…»

«ሁንዴ» አለች ሳታስበው።

«እሱ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሞቷል እኮ ብዬ ተ… ተቀመጥኩ።» ወደ እሷ ዞሩ። «ትበልጪዋለሽ። እሱ ‹ቦ› ላይ ያደርገው ነበር። እኔን ‹ቦ› ይዞኝ አያውቅም። ‹አ› ላይ ነው የ… የሚይዘኝ። አንቺ ልክ ነሽ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢመቷት ይሻላት ነበር። «አባዬ፣ እኔ…» ብላ ጀመረች። እጃቸውን አነሡ።

ከዚያ ነገሯት። ታሪኩን እንደዚህ እንደምናነበው አልነበረም የነገሯት፤ በየቃሉ እየቆሙ፣ ላቡ ግንባራቸው ላይ እስኪወጣ እየታገሉ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባቸው እስክትወርድ ፈጀባቸው።

ሁንዴ በሃያ ዓመቱ የአቦምሳ መኪና ረዳት ነበር። ምሳቸውን በአንድ ሣህን ይበላሉ። ሥራ ሲያልቅ መናኸሪያው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ እየተቀየረ ያሳያቸዋል፤ ሾፌሩን፣ ፖሊሱን፣ ሎተሪ አዟሪዋን፣ እሳቸውንም። «እኔም ስ… ስቄያለሁ» አሉ አያቷ። «ሐሰት አልናገርም፣ እኔ ነኝ በል ድገመው ያልኩት።» ከዚያ ልጁ አዲስ አበባ ሄደ፣ በቴሌቪዥን ታየ። መንገደኛው መናኸሪያ ሲደርስ መኪና መፈለጉን ትቶ እሳቸውን ፍለጋ ይመጣ ጀመር። «እስቲ አንዴ ይበሉት!» ይላቸዋል። ቻሉት። አንድ ጠዋት ግን አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች መጣች፤ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ልጁም ምላሱ ይያዛል። ወደሳቸው እየጠቆመች፣ «አየህ? ይሄን አመልህን ካልተውክ እንደዚህ ሰውዬ ነው የምትሆነው!» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። ፊሽካቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። ተመልሰው አልሄዱም።

«ሁንዴ ሲሰማ መጣ። ክ… ክረምት ነበር።»

ፋዲላ አስታወሰች። ዝናቡ። መጋረጃው። አንድ ቃል ሳይሰጡኝ ከዚህ ደጃፍ አልነቃነቅም።

«ተንበረከከ። ‹በቴሌቪዥን ወጥቼ ስምዎን ጠርቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ› አለኝ። ስ… ስሜን እንዳትጠራ አልኩት፤ ስሜን ካወቁ ቤቴ ድረስ ሊያዩኝ ይመጣሉ። ሌላ ምን ልካስዎ አለኝ። ‹ተ… ተወው› አልኩት፤ ያን ሰውዬ ተወው። እሺ አለ።»

«ሳቀ ወይስ አለቀሰ?» አለች ፋዲላ።

አያቷ በመገረም አዩዋት። «ሁ… ሁለቱንም» አሉ።

ድልድዩ ላይ አንድ ጋሪ እየተንገጫገጨ አለፈ።

«በንዴት ነበር ያልኩት። ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይረሳል ብዬ። እሱ ግን አሥር ዓመት ጠበቀው። ያለሱ ማንም አይፈልገውም ነበር፣ ወደ አዳማ ተመለሰ፤ እንጀራውን ዘ… ዘጋሁበት። ስንት ጊዜ ሄጄ ‹በቃ፣ ፈትቼሃለሁ› ልለው አሰብኩ! በሩ ድረስ ሄጄ አውቃለሁ። ቃሉ አ… አ…»

ፋዲላ «አልወጣ አለኝ» ብላ ጨረሰችላቸው።

«አሁን ለሚስቱ ‹እግዜር ያጥናሽ› ልበል? ያውም ከ‹እ› ነው የሚጀምረው። ለቅሶ ቤት ገብቼ ‹እ… እ…› ስል ምን ይሆናል? ጋሽ አቦምሳ መጣ ብሎ ሰው ይ… ይስቃል። በሬሣው ላይ እንዳሳቅሁበት ነው።» ተነሡ። «እናትሽ ቂም መስሏታል። ቂም አይደለም።»

«ለማንም አልናገርም፣ አባዬ። ቃሌ ነው» አለች ፋዲላ።

ረቡዕ ጠዋት ፋዲላ ፊሽካውን ለስፖርት መምህሩ መለሰች።

«አልሠራም» አለች ቦንቱን።

«ምን?»

«ጋሽ አቦምሳን አልሠራውም።»

«ፋዲላ፣ ሙድ እየያዝሽ ነው? ነገ እኮ ነው! የሰውዬው ሚስት ትመጣለች!»

«አውቃለሁ።»

«ምክንያቱ ምንድነው?»

ፋዲላ ምክንያቱን ብትናገር ቦንቱ ታዝንላት ነበር፤ ምክንያቱን ብትናገር ግን እስከ ከሰዓት ግማሹ ትምህርት ቤት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ እውነተኛውን ጋሽ አቦምሳ ያይ ነበር።

«ፈርተሽ ነው» አለች ቦንቱ። «ሼም ነው የምር። ሰው ሲከብሽ ጊዜ ተኮፈስሽ፣ አሁን ሥራው ሲመጣ ትከጃለሽ። ፋራ!»

መምህርት አረጋሽ አልተቆጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ብቻ ጠየቋት። «ምክንያትሽን ለእኔ እንኳን አትነግሪኝም?»

«ቃል አለብኝ፣ ቲቸር።»

«ለማን?»

«እሱንም መናገር አልችልም።»

ቀኑን ሙሉ ያናገራት ሰው አልነበረም። ቦንቱ ደብተሯን ሰብስባ ፊት ካለው ዴስክ ሄዳ ተቀመጠች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፋዲላ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የለም። አንድ ቀን እንዲህ ከከበደ አሥር ዓመት እንዴት ይከብድ ይሆን ብላ አሰበች።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ተማሪው በባንዲራው ሜዳ ተሰለፈ። የሁንዴ ትልቅ ፎቶ በጥቁር ጨርቅ ተከቦ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። የሕሊና ጸሎት ተደረገ። ቦንቱ የሕይወት ታሪኩን አነበበች። ከዚያ «ሊሠራልን የነበረው ሰው ስለቀረ፣ ከራሱ ድምፅ እናሰማችኋለን» ብላ ስልኩን ወደ ማይኩ አስጠጋች።

«አቦ… አቦ… አቦምሳ!»

ሜዳው ሳቀ። አስተማሪዎቹም ሳቁ። ፋዲላ ወደ ምሰሶው፣ ወደዚያ አፉን አዙሮ ወደ ግቢያቸው ወደሚጮኸው ማጉያ ተመለከተች። ከፓፓያው ሥር ያለው ወንበር ታያት።

ወይዘሮ ውዴ ሳቁ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ። ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰዋል፤ ቀጭን ናቸው። ማይኩን ያዙ።

«ስለሳቃችሁለት አመሰግናለሁ» አሉ። «ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ላውጣው፤ በሆዴ ይዤው እንዳልቀበር። ይሄን ሰውዬ ለምን ተውከው ብዬ ከባሌ ጋር ስንት ጊዜ ተጣላሁ መሰላችሁ። ከአዲስ አበባ ለምነውታል። ‹ልጆችህን ምን ላብላቸው?› እለዋለሁ። ‹ቃል አለብኝ፣ ውዴ› ይለኛል። ለማን? አይናገርም። እኔም ሰነፍ ነው፣ ሥራ ሲሸሽ ነው፣ ቃል የሚባል ነገር የለም አልኩት። ታሞ ተኝቶ እንኳን አልኩት።»

 ማጉያው የመጨረሻዋን ቃል አጥሩ ላይ መልሶ ደገማት።

«ያ ሰው ካለ፣ በፈጣሪ ስም አልወቅሰውም። ምንም አልጠይቀውም። ቃሉ እውነት ነበር ብሎ ይንገረኝ ብቻ። ባሌን ሳላምነው ነው የቀበርኩት።»

መምህርት አረጋሽ ዞር ብለው በሰልፉ መሃል ፋዲላን ፈለጓት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። መምህርቷ በራሳቸው ወደ በሩ አመለከቷት።

ፋዲላ ሮጠች። በዘበኛው አጠገብ አለፈች፣ አጥሩን ዞራ ግቢያቸው ገባች። ወንበሩ ባዶ ነው። አያቷ አጥሩ ጋ ቆመዋል፤ መዳፋቸውን በብሎኬቱ ላይ አድርገው፣ ግንባራቸውን አስጠግተው። ማጉያው አሁን የዋሽንት ሙዚቃ ይዟል።

«አባዬ።»

አልዞሩም።

«እኔ ልሂድ» አለች እየተንገበገበች። «እኔ ልንገራቸው። ስምዎን አልጠራም። ሁልጊዜ የምናገርልዎት እኔ አይደለሁ? ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ፣ ‹ቃሉ እውነት ነበር› እላቸዋለሁ፣ እመጣለሁ። በቃ።»

አያቷ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ላይ የብሎኬቱ አቧራ አለ። ከወንበሩ መደገፊያ ኮታቸውን አነሡ፤ አንድ እጁን አጠለቁ፣ ሁለተኛውን ፋዲላ አገዘቻቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ መትተው አራገፉ፤ በቀጥታ ደፉት።

«ተ… ተው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የምነግራት እኔ ነኝ።»

«ቤቱ እኮ በሰው የተሞላ ነው። ቢስቁስ?»

 አያቷ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ።

«አንቺ ከኔ ጋር ት… ትመጫለሽ። አንድ ነገር ግን እሺ በይኝ።»

«ምን?»

«እዚያ ገብቼ ቃሉ ቢይዘኝ… የፈለገውን ያህል ብ… ብቆይ… ሰዉም ቢስቅ…» ዓይናቸው ተጨፈነ፣ አገጫቸው ወደፊት ተገፋ። «አ… አ… አ…»

ፋዲላ ቃሉን አወቀችው። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጥርሷን ነከሰች። ከአጥሩ ማዶ ዋሽንቱ አለቀ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ተማሪው እየተንጫጫ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ግቢው ጸጥ አለ። አያቷ ገና ይታገላሉ። ጠበቀቻቸው።

«…አትጨርሺልኝ» አሉ።

«እሺ፣ አባዬ» አለች።